ባዶው ገጽ

በሎሬን ከተማ፣ በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ፣
ከተዘጋው ፋብሪካ ሦስት መንገድ ብቻ፣
በቤተ መጻሕፍቱ ከደረጃው ሥር፣
ከኮፒ ማሽኑ ጎን አለችኝ ወንበር።
አንዱን ገጽ በአስር ሳንቲም አባዛለሁ፤
የሰው ጓዳ ሲያልፍ በብርሃን አያለሁ።

የካቲት ላይ መጣች ኖኤሊያ ሲንትሮን፣
በብብቷ ሸጉጣ የጫማ ካርቶን፤
ውስጡ ሙሉ ፖስታ፣ ከባንኩ የመጣ፣
አንዱም ያልተከፈተ፣ ከመሳቢያ የወጣ።
«ካልከፈትኩት» አለች፣ «ያልተጻፈ መስሎኝ፤
የፖስተኛው ኮቴ በሕልሜ እያባነነኝ።»

ባሏ ኤሜቴሪዮ፣ የብረት ሠራተኛ፣
ግራ ጎኑን መትቶት ስትሮክ፣ ከተኛ
ዓመት ከመንፈቁ። ዕዳ ግን መች ተኝቶ፤
ወለድ ይወልዳል ሌሊት ተነሥቶ።
«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል፣ ይባላል፤
ቅጠሉን ስንፈልግ ቤቱ ይቃጠላል።

ፊት ያመነችው ሰው፣ ከረባት ያሰረ፣
በመኪናው መስኮት ሳቅ እየቸረቸረ፣
«ሺህ ሁለት መቶ ዶላር አስቀድመሽ ስጪኝ፤
ለባንኩ አትደውዪ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ»
አላት። ሰጠች። ስልኩ ይጠራል እስከ ዛሬ፤
ከረባት አያነሣ፣ አያወራ ወሬ።

ከዚያም ስለ ችግሯ ጻፈች ዘጠኝ ገጽ፤
ስለ ባሏ መዳፍ፣ ስለ ምድጃው ድምፅ፣
የሠርጋቸው ዕለት ስለጣለው ዝናብ፣
ስለ ጓሮው በርበሬ፣ ስለ ሌሊት ሐሳብ።
ቆሜ አነበብኩት፣ ዓይኔን እያሸሁ፤
ቁጥር ፈለግሁበት፣ አንድም አላየሁ።
ስንት ነው የሚገባው? ስንት ነው የሚወጣ?
ጉድለቱ ስንት ሆነ? በየትኛው ወር መጣ?
ባንክ ዕንባ አይደምርም። ልጇ ኤሪቤርቶ
ምድር ቤት ይኖራል፣ አራት መቶ አዋጥቶ፤
«ልጄ የሰጠኝንም ገቢ ልበለው?» አለች፤
እስክሪብቶዬን ይዛ ቁጥሩ ላይ ዋለለች።

ዘጠኙ አንድ ገጽ ሆነ፤ ፊርማ ከቀን ጋራ፤
ቅጂውን ካርቶኑ ውስጥ፣ ዋናውን በአደራ
ላከችው። ሃያ ቀን። መልሱ ደረሰ፤
«ያልተሟላ» ብሎ በሩን መለሰ።

ምን ጎደለ? ደወለች። ሙዚቃ። ሙዚቃ።
በሦስተኛው ቀን አንድ ድምፅ ነቃ፦
«የሂሳብ መግለጫሽ ገጹ አራት ነው፤
አራተኛው የለም፣ ሦስት ነው የላክሽው።»

አራተኛው? እሱ ነጭ ነው፣ ባዶ ነው፤
«ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ገጽ» የሚለው።
ወረቀት አይባክን ብላ፣ የባሏን
የክኒን ሰዓት ጽፋ፣ ጧት ነጩን፣ ማታ ሮዙን፣
ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ምንም የሌለባት
አንዲት ገጽ ጎድላ ቤቱ ፈረሰባት፤
እንደ ስንኝ ማለት፣ ቤት እንደጠፋባት።

ውልም እንደ ድር ነው፤ ውሉ የጠፋ ለት፣
ጎትቶ ከማክረር ይሻላል ቀስ ማለት።
ደብተር ገዛች። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት መዘገበች፦
«ማክሰኞ፣ ላቶኒያ፣ ‹ደርሶናል› አለች።»
ሐሙስ ቀን ሌላ ሰው፣ «አልደረሰም» አለ፤
ደብተሯን ገልጣ «ላቶኒያስ?» ስትለው፣ ዝም አለ።

ግንቦት ላይ መጣች። በእጇ ወፍራም ፖስታ፤
ማሽኑ ፊት ቀደደችው፣ ሳትቆይም ላፍታ።
ሦስት ወር መሞከሪያ፣ ክፍያው ተቀንሶ፤
«አለቀ?» አለችኝ፣ ዓይኗ ዕንባ ለብሶ።
«አላለቀም» አልኳት፣ «ገና ነው መፈተኛው፤
በአንደኛው ቀን ክፈዪ፣ አይደለም በሁለተኛው።»

ከዚያ ከካርቶኑ ሥር አንድ ገጽ መዘዘች፤
«ይህንን አባዛልኝ» ብላ አቀበለች።
«ባዶ ነው እኮ» ስላት፣ «አውቃለሁ» አለች፤
አስር ሳንቲሟን ማሽኑ ላይ አኖረች።

ብርሃኑ ሄዶ መጣ።
ነጩን ገጽ፣ ትኩሳቱ ገና ሳይወጣ፣
ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።